የከብት ማዕድን ገበያ፤ የትኛው ከረጢት ለየትኛው ከብት?

በአዳማና በሞጆ አካባቢ ከብት የሚያደልቡ ባለሀብቶች ከቦረና የመጣ ወይፈን ሲገዙ የሚከራከሩት በዕድሜው፣ በቁመቱና በአጥንቱ ስፋት ነው። ወይፈኑ ያደገበት ሣር ምን ይጎድለው እንደነበር የሚጠይቅ ገዢ ግን ብዙም አይገኝም። ሆኖም ወይፈኑ በማድለቢያው በሚቆይባቸው ሦስት ወራት የሚጨምረው ኪሎ በከፊል የሚወሰነው ከዚህ ጥያቄ መልስ ነው። ጥያቄው ሳይመለስ ሲቀር ክፍተቱን የሚሞላው የመኖና የእንስሳት መድኃኒት መደብር ነው። በመደርደሪያው ላይ ዳይካልሲየም ፎስፌት፣ «ፕሪሚክስ» የሚባለው የማዕድንና የቫይታሚን ድብልቅ፣ እንዲሁም ከብት የሚልሰው ብሎክ ተደርድሮ ይጠብቃል። ከእነዚህ ውስጥ ዋጋውን አጥፎ የሚመልስ አለ፤ ያለ ጥቅም ተበልቶ በፋንድያ የሚወጣ አለ፤ በግ የሚገድልም አለ። ልዩነቱ ከረጢቱ ላይ በተጻፈው ቁጥር እንጂ በሥዕሉ ላይ አይታይም።

ከብት ከምግቡ የሚፈልጋቸው ማዕድናት በሁለት ይከፈላሉ። ካልሲየም፣ ፎስፈረስ፣ ሶዲየም፣ ማግኒዥየም፣ ፖታሲየምና ድኝ በግራም የሚቆጠሩ ናቸው። መዳብ፣ ኮባልት፣ ዚንክ፣ አዮዲን፣ ሴሌኒየምና ማንጋኒዝ ደግሞ በሚሊ ግራም የሚለኩ፣ አንዳንዶቹም ከዚያ ያነሱ ናቸው። በበረት ተቀልቦ የሚያድር ከብት ከተለያየ ቦታ የመጣ መኖ ስለሚበላ የአንዱን ጉድለት ሌላው ሊሸፍንለት ይችላል። የግጦሽ ከብት ግን ዕድሉ የተሳሰረው ከረገጠው አፈር ጋር ነው። አፈሩ ያልሰጠውን ሣሩ አይሰጥም፤ ሣሩ ያልሰጠውን ከብቱ ከየትም አያመጣም።

የመጀመሪያው ሸቀጥ ጨው

ከጉድለቶች ሁሉ በስፋት የሚታየው፣ ለመሸፈንም የሚረክሰው የሶዲየም ጉድለት ነው። መቀመጫውን አዲስ አበባ አድርጎ የነበረው የአፍሪካ የእንስሳት እርባታ ማዕከል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የኢትዮጵያን ሣሮች ሲመረምሩ በብዙ ቦታ አንሶ ያገኙት አንዱ ማዕድን ይኸው ሶዲየም ነበር። አርብቶ አደሩ ግን ይህን ለማወቅ ቤተ ሙከራ አላስፈለገውም። ከብቱን በየጊዜው ወደ ሆራ ነድቶ ማዕድን ያለበትን ውኃ ያጠጣል። በስምጥ ሸለቆና በደቡብ ገበያዎች «ቦሌ» የሚባለው ጨዋማ አፈር በሸክም ይሸጣል። በቦረና ከዱብሉቅ አቅራቢያ በሚገኘው የሶድ እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ሰዎች ወደ ጨዋማው ሐይቅ እየገቡ ጥቁር ጭቃ ያወጣሉ፤ በአህያ ተጭኖ ገደሉን የሚወጣው ይህ ጭቃ ዋና ደንበኛው ከብት ነው። በሰሜን ደግሞ ከዳሎል ቆላ የሚቆረጠው አሞሌ በግመል ወደ መቀሌ ሲወጣ ኖሯል። ይህ ሁሉ ንግድ ለዘመናት የቆመው በአብዛኛው ሣሩ ሶዲየም ስለሚያንሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ከብት በቀን ወደ 6 ኪሎ ግራም የሚሆን ደረቅ መኖ ይበላል። ከሚበላው ውስጥ 0.08 በመቶ ያህሉ ሶዲየም ቢሆንለት ይበቃዋል፤ ይህም 5 ግራም ገደማ ነው። ሣሩ ያለው 0.02 በመቶ ብቻ ከሆነ ከሣሩ የሚያገኘው ከ1 ግራም እምብዛም አይበልጥም። ጨው 39 በመቶው ሶዲየም ስለሆነ ክፍተቱን የሚሞላው በቀን 10 ግራም ያህል ጨው ነው። በሌላ አነጋገር 100 ከብት ያለው ሰው 1 ኩንታል ጨው ለ100 ቀን ይበቃዋል። የሚፈሰውንና የሚዘንብበትን ጨምሮ፣ እጅን ዘርጋ አድርጎ 25 ግራም ቢሰጥ እንኳ አንዱ ኩንታል 40 ቀን ያቆየዋል። የምትታለብ ላም ከወተቷ ጋር ሶዲየም ስለምታወጣ ድርሻዋ ከዚህ ከፍ ይላል። ግመል ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ከመኖ ወጪ ውስጥ ይህን ያህል አነስተኛ ሆኖ ይህን ያህል ውጤት የሚሰጥ ሌላ ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

እዚህ ላይ ጨው በገበያ ቀን ያለው ሌላ አገልግሎትም አይዘነጋም። ሻጩ ማታ ጨው አልሶ ጠዋት ውኃ ያጠጣው በሬ ሆዱ ተነፍቶ፣ ቆዳው ተወጥሮ ገበያ ይወጣል። በዓይን ግምት የሚገዛ ነጋዴ ውኃውን በሥጋ ዋጋ ተሸክሞት ይሄዳል። ሚዛንም ቢሆን ከብቱ ካደረና ሆዱ ከጎደለ በኋላ ካልሆነ ከዚህ አያድንም።

የጨው ገበያው ራሱ ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ መልኩን ለውጧል። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ከአሰብና ከምፅዋ ይመጣ የነበረው ጨው ተቋረጠ፤ ቦታውንም የአፋሩ አፍዴራ ሐይቅ ወሰደ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለሰው ምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ያስገድዳል። የከብት ጨው ግን በአብዛኛው አሞሌ፣ ቦሌ ወይም ያልተጣራ ጥሬ ጨው ስለሆነ አዮዲን አይገባበትም። አንገቱ አብጦ የሚወለድ ግልገል ወይም ያለ ፀጉር የሚወለድ ጥጃ በታየበት አካባቢ ከብቱን አዮዲን ያለው የገበታ ጨው ማላስ ልዩነቱን ያሳያል።

ፎስፈረስ፤ በአንዱ በረት እጥረት፣ በሌላው ትርፍ

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በፎስፈረስ ላይ ነው። በቆላ አካባቢ ሣር ለጋ ሳለ መጠነኛ ፎስፈረስ ይኖረዋል፤ ሲያረጅና ሲደርቅ ግን እስከ 0.1 በመቶና ከዚያም በታች ይወርዳል። ከላይ የተጠቀሰው ባለ 6 ኪሎ ግራም በላተኛ ከዚህ ሣር የሚያገኘው 6 ግራም ብቻ ነው፤ ደህና ሥጋ እንዲጨምር ከተፈለገ ወደ 12 ግራም ያስፈልገዋል። ዳይካልሲየም ፎስፌት 18 በመቶ ያህሉ ፎስፈረስ በመሆኑ የጎደለውን 6 ግራም ለመሙላት በቀን 33 ግራም፣ በ90 ቀን ደግሞ 3 ኪሎ ግራም ይጠይቃል። ነጋዴው የዚህን 3 ኪሎ ዋጋ ከሚጨምረው የሥጋ ኪሎ ዋጋ ጋር ራሱ አስተያይቶ መወሰን ይችላል።

ጉድለቱ ያለበት ከብት በምልክቱ ይታወቃል። ፀጉሩ ይንጨባረራል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ጊደሯ ኮርማ ሳትፈልግ ዓመት ታሳልፋለች። ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ግን አጥንት መቆርጠም ነው። በደቡብ አፍሪካ ይኸው አጥንት ቆርጣሚነት ከብቶችን በብዛት ይፈጅ ነበር። አርኖልድ ታይለር የተባሉት የእንስሳት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ መጨረሻና በ1920ዎቹ ባደረጉት ምርምር ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ ፈቱት። ከብቶቹ ፎስፈረስ ሲያጡ የሞተ እንስሳ አጥንት ይቆረጥማሉ፤ በበሰበሰው ሬሳ ላይ የተራባው የቦቱሊዝም መርዝም ሽባ አድርጎ ይገድላቸዋል። የአጥንት ዱቄት የተሰጣቸው ከብቶች አጥንት ፍለጋቸውን ተዉ፤ ሞቱም ቀነሰ፤ ከዚያም አልፎ ካልተሰጣቸው በበለጠ ወፈሩ። ስለዚህ ከብቱ አጥንት ሲያኝክ ያየ ገዢ ምልክቱን እንደ መጥፎ ልማድ ቆጥሮ ባያልፈው ይሻላል።

አቅራቢዎች በብዛት የሚሳሳቱት በወቅቱ ላይ ነው። ሣሩ ፎስፈረስ የሚያጣው በበጋ ስለሆነ ዳይካልሲየም ፎስፌት የሚከማቸውም ለበጋ ይመስላቸዋል። ነገር ግን በበጋ ከብቱን በቅድሚያ የሚጎዳው የፕሮቲንና የጉልበት ሰጪ ምግብ እጥረት ነው። እየከሳ ያለ ከብት አጥንት አይሠራም፤ ፎስፈረስ ቢሰጠውም አይጠቀምበትም። ማዕድኑ ሥጋ ሆኖ የሚመለሰው በዝናቡ ወቅት፣ ሣሩ ለምልሞ ከብቱ በሚያድግበት ጊዜ ነው። ለግጦሽ ከብት ፎስፈረስ የሚያስመጣ ነጋዴ ዕቃው ከዝናቡ በፊት ካልደረሰለት የዓመቱን ገበያ አሳልፏል ማለት ይቻላል።

ከብቱ ወደ ማድለቢያ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በአዳማም ሆነ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ በረቶች ዋናው መኖ የስንዴ ፍሩሽካና የኑግ ፋጉሎ ነው። ፍሩሽካ 1 በመቶ ገደማ ፎስፈረስ ሲኖረው ካልሲየሙ 0.1 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ፋጉሎም ቢሆን በፎስፈረስ አይታማም። ይህን በየቀኑ በብዛት ለሚበላ ሰንጋ ዳይካልሲየም ፎስፌት መግዛት ለጠገበ ሰው ሁለተኛ ምሳ እንደ መጋበዝ ነው። የሚጎድለው ካልሲየም ነው፤ ያውም በርካሽ የሚገኝ። የተፈጨ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ከ36 በመቶ በላይ ካልሲየም አለው፤ የሚፈጨውም እዚሁ አገር ነው። በውጭ ምንዛሪ የመጣ ከረጢት እዚህ ቦታ የለውም።

ይህ የወጪ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፎስፈረስ ከካልሲየም በልጦ ሲገኝ በተለይ በተኮላሸ ወንድ ላይ የሽንት ጠጠር ያስከትላል። ለፋሲካ ገበያ በፍሩሽካ የተቀለበ ሙክት በዓሉ ሊደርስ ሲል ሽንቱ ታግዶ፣ ሆዱ አብጦ የሚሞትበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሙክቱ የሚሞተው ወጪው ሁሉ ከወጣበት በኋላ በመሆኑ ኪሳራው ሙሉ ነው። ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ እጥፍ ገደማ እንዲሆን የኖራ ድንጋይ መጨመር፣ ጨው ሳይጓደል መስጠትና ንጹሕ ውኃ እንደ ልቡ ማጠጣት አደጋውን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ጨው የበላ ብዙ ይጠጣል፤ ብዙ የጠጣ ጠጠሩ ሳይረጋ ያጥበዋል።

የወተት ላም ባለቤቶችም ከዚህ አይርቁም። አንድ ሊትር ወተት 1.2 ግራም ያህል ካልሲየምና 1 ግራም የሚጠጋ ፎስፈረስ ይዞ ይወጣል። 10 ሊትር የምትሰጥ ዲቃላ ላም በየቀኑ 12 ግራም ካልሲየም ከገላዋ ታስረክባለች ማለት ነው። ፍሩሽካና ገለባ ይህን አይመልሱላትም።

ፎስፈረስን በርካሽ እናገኝ የሚሉ ሰዎች ሁለት አማራጮችን ያነሳሉ፤ የአጥንት ዱቄትና የፎስፌት ድንጋይ። የአጥንት ዱቄት የታይለር መድኃኒት ቢሆንም እንግሊዝ ውስጥ የ«እብድ ላም» በሽታ ከሥጋና ከአጥንት ዱቄት ጋር ተያይዞ ከተገኘ ወዲህ ስሙ ጠፍቷል። እንግሊዝ ለአመንዣጊ እንስሳት እንዳይሰጥ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ሥጋ ወደ ውጭ የሚልክ ወይም ለላኪ የሚያቀርብ ሰው ለከብቱ የአጥንት ዱቄት ሰጥቷል መባሉ ብቻ ደንበኛ ሊያሳጣው ይችላል። የፎስፌት ድንጋይን በተመለከተ በምዕራብ ወለጋ ቢቂላል ላይ ክምችት መኖሩ ከታወቀ ቆይቷል። ሆኖም ጥሬ የፎስፌት ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ ፍሎሪን ስላለው ሳይጣራ ለከብት አይሰጥም። የስምጥ ሸለቆ ውኃ ራሱ ፍሎራይድ የበዛበት ነውና በዚያ ላይ መጨመር ጥርሱ የተሸረፈ፣ እግሩ ያነከሰ መንጋ ማትረፍ ነው።

በሚሊ ግራም የሚለካ ሀብት

ጥቃቅኖቹ ማዕድናት በንግድ ዓለም ያላቸውን ክብደት ለማየት ወደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ መሻገር ያስፈልጋል። በኒውዚላንድ ሰሜናዊ ደሴት ሣሩ እያማረ ከብትና በጉ ደም አንሶት፣ ከስቶ የሚሞትበት ሰፊ መሬት ነበር። ባለሙያዎቹ ብረት አንሶት ነው ብለው ሊሞናይት የተባለ የብረት አፈር ያበሉት ጀመር። አንዱ አፈር ሲያድን ሌላው አያድንም። አውስትራሊያዊው ኤሪክ አንደርውድ ከባልደረባቸው ጋር ከሊሞናይቱ ብረቱን ለይተው ካወጡ በኋላ የቀረው ነገር በሽታውን እንደሚያድን አሳዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1935ም አዳኙ በአፈሩ ውስጥ በጥቂቱ የሚገኘው ኮባልት መሆኑ ታወቀ። ብረት ሲሸጥ የኖረው ነጋዴ ሳያውቀው የሸጠው ኮባልት ነበር። ከብት በሆዱ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት ከኮባልት ቫይታሚን ቢ12 እንደሚሠሩለት የተረጋገጠው ከዚያ በኋላ ነው።

የደቡብ አውስትራሊያው ታሪክ ለባለሀብት ይበልጥ ይናገራል። «የዘጠና ማይል በረሃ» እየተባለ የሚጠራው አሸዋማ አገር ዝናብ ሳያጣ ለከብት የማይሆን ነበር። የጎደለው ከፎስፈረስ ሌላ መዳብ፣ ዚንክና ኮባልት መሆኑ ሲታወቅ ኤኤምፒ የተባለው የሕይወት ኢንሹራንስ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ መሬቱን ለማልማት ገንዘቡን አፈሰሰ። ለአንድ ሄክታር ጥቂት ኪሎ ግራም ማዕድን ከማዳበሪያ ጋር ተበትኖ በረሃው የበግና የከብት እርሻ ሆነ። የኢንሹራንስ ድርጅት የደንበኞቹን ገንዘብ በመዳብና በዚንክ ብናኝ ላይ ማዋሉ በዚያን ጊዜ ድፍረት ነበር።

በኢትዮጵያ በይበልጥ የሚነሳው መዳብ ነው። በስምጥ ሸለቆ የሚወለዱ ግልገሎች ኋለኛ እግራቸው እየከዳቸው ወገባቸው የሚወላገድበት በሽታ በሳይንሳዊ መጽሔት የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን መንስኤውም የመዳብ እጥረት ነው። መዳብ በአፈር ውስጥ እያለም ሊጠፋ ይችላል። ሞሊብደነምና ድኝ ሲበዙ በከብቱ ሆድ ውስጥ መዳቡን አስረው ያስቀሩታል። ብረት የበዛበት ቀይ አፈር ከሣሩ ጋር ሲጋጥም እንዲሁ ያደርጋል። ጥቁር ፀጉር ወደ ቀይ ቡኒ መለወጡና በዓይን ዙሪያ መንጣቱ የጉድለቱ ምልክት ናቸው።

ይሁን እንጂ መዳብ እንደ ጨው የሚበተን ነገር አይደለም። በግ ከእንስሳት ሁሉ መዳብ የሚገድለው ነው። ለከብት ተብሎ የተዘጋጀ ፕሪሚክስ፣ ወይም መዳብ የበዛበት የአሳማና የዶሮ መኖ ትራፊ ለበግ ቢሰጥ መዳቡ በጉበቱ ውስጥ ለሳምንታትና ለወራት ሲጠራቀም ምንም ምልክት አይታይም። ከዚያ አንድ ቀን፣ ብዙውን ጊዜ ጉዞ ወይም ሌላ ድካም ሲደርስበት፣ ጉበቱ ያከማቸውን ወደ ደም ይለቀዋል። በጉ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ይቀላል፣ በሁለት ሦስት ቀን ይሞታል። ሳይሞት ቄራ ቢደርስ እንኳ ቢጫ ሥጋ በመርማሪው አይታለፍም። በደብረ ዘይትና በሞጆ ላሉት የወጪ ንግድ ቄራዎች በግ የሚያቀርብ ነጋዴ ከረጢቱ ላይ «ለበግ» የሚል ቃል ካላገኘ ባይገዛው ይመረጣል። ፍየል ከበግ ይልቅ መዳብን ይችላል።

ከረጢቱን ማንበብ

ገዢ በመጀመሪያ ማየት ያለበት የፎስፈረሱን መቶኛ ነው። ዋጋውን ለከረጢቱ ኪሎ ሳይሆን ለፎስፈረሱ ኪሎ ሲያካፍለው «ርካሽ» የተባለው ድብልቅ ብዙውን ጊዜ ጨውና ኖራ ሆኖ ያገኘዋል። ሁለተኛው ቀለም ነው። ቀይ የሚልሱት ብሎክ ብዙ ጊዜ ቅላቱን የሚያገኘው ከብረት ኦክሳይድ ነው፤ ይህም ከዝገት ብዙም አይለይም፣ ከብቱም እምብዛም አይመጠው። ብረት ደግሞ የግጦሽ ከብት ከአፈሩ እስኪተርፈው የሚያገኘው ማዕድን ነው። የመዳቡ ምንጭም ይታይ፤ የመዳብ ሰልፌት ወደ ደም ሲገባ ዱቄቱ የመዳብ ኦክሳይድ ግን ሳይፈጭ ያልፋል። አዮዲን የገባበት ጨው ከሆነ ፀሐይና እርጥበት የሚነካው ቦታ ካደረ አዮዲኑ ይተናል።

ጠንካራ ብሎክ ለማጓጓዝ ይመቻል፤ ከብቱ ግን በምላሱ ፍቆ የሚበቃውን ላያገኝ ይችላል። በጥላ ሥር በገንዳ የተቀመጠ ልቅ ድብልቅ ይሻላል። ከወንጂና ከመተሐራ ሞላሰስ ከዩሪያ ጋር የሚሠራው ብሎክ ማዕድንም ፕሮቲንም ይሰጣል፤ ሆኖም ለጥጃ አይሆንም፣ በውኃ ተበጥብጦ ከተጠጣም ይገድላል።

ከሁሉም በፊት ግን የጎደለውን ማወቅ ይቀድማል። ደም መመርመር የተለመደ ቢሆንም በመዳብ ረገድ ያሳስታል፤ ጉበት መጋዘን ስለሆነ መጋዘኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ ደሙ ደህና መስሎ ይታያል። የሚታመነው የጉበት ናሙና ነው። በደረቅ ክብደት በኪሎ ግራም ከ25 ሚሊ ግራም በታች መዳብ ከተገኘበት መንጋው እጥረት አለበት። ከየአካባቢው የመጡ ፍየሎች፣ በጎችና ወይፈኖች በየቀኑ በሚታረዱባቸው ቄራዎች ደግሞ የጉበት እጥረት የለም። የእያንዳንዱ መንጋ መነሻ ወረዳ ከናሙናው ጋር ከተመዘገበ የየትኛው አገር ከብት ምን እንደሚጎድለው የሚያሳይ ዝርዝር በአንድ ወቅት ዕርድ ሊሰበሰብ ይችላል። የሚጠይቀውም ከየመንጋው ጥቂት ቁራጭ ጉበት፣ በረዶ ያለበት ሣጥንና የቤተ ሙከራ ክፍያ ነው።